የአረቄ ጠበቃ

ለሥራ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ያን ቀን በእኛ በሰልጣኞቹ ፊት የተቀመጠው አረቄ ጠጪ ሾፌር አባቴ ነበር።

የምንሰለጥነው ሱስ ያለባቸውን ሰዎች ማማከር ነው። አሰልጣኛችን ዶክተር ልሳነወርቅ «ዶክተር» ብሎ ያልጠራቸውን ሰው ዞረው አያዩም። አባቴ በመጠጥ ምክንያት መኪና እንዳይነዳ ታግዶ ስለነበር፣ ወደ ሥራው ለመመለስ የእሳቸው ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ሲገባ አየኝና እንደ ባዳ «እንደምን አደሩ» አለኝ። እኔም አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ዶክተሩ ስለ ጉበት፣ ስለ ልብ፣ ስለ ትዳርና ስለ ገደል አስተማሩት። አባቴ «ግን እኮ ዶክተር» ባለ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ አዲስ በሽታ ይጨምሩለታል። ረፋዱ በዚህ አለቀ። በመጨረሻ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«በል በእነዚህ ሰዎች ፊት ተናገር። ምክሬ ለውጦሃል ወይስ አልለወጠህም? አልለወጠኝም ካልክ አልፈርምም።»



«ለውጦኛል፣ ዶክተር» አለ አባቴ። «ስገባ ግማሽ ልቤ አረቄዋን ልተዋት ይል ነበር፤ ግማሹ እምቢ ይላል። እርስዎ የመተዉን ወገን ጠቅልለው ሲይዙት፣ ለእኔ የቀረኝ ለአረቄዋ ጥብቅና መቆም ብቻ ሆነ። በሆዴ ስሟገትላት አርፍጄ ጭራሽ ወደድኳት። አሁን ፈቃድዎ ከሆነ ወገን እንቀያየር። እርስዎ ለአረቄዋ ይሟገቱላት፤ እኔ ስለ መተው ልናገር። ከረታሁዎት ይፈርሙልኛል።»