ቀለም አልያዝ ያላት እስስት

ተረት ተረት። «የላም በረት» የምትሉትን ለሌላ ቀን አቆዩትና ዛሬ «የቀለም በረት» በሉኝ። ካላችሁ እቀጥላለሁ።

ሥዕል በኮምፒውተር ውስጥ መራመድ በጀመረበት ዘመን አስካለ የምትባል ሠዓሊ ነበረች። ለልጆች ፊልም የሚሆኑ እንስሳት ትሥል ነበር። በዚያ በኮምፒውተሩ አገር ፍጥረት ሁሉ የሚሠራው ከነጥብና ከመስመር ነው። መስመሩ ዞሮ ዞሮ ይገጥማል፣ በውስጡ ቀለም ይፈስበታል፣ ከዚያ እንስሳው ተነሥቶ ይሄዳል።

አንድ ቀን አስካለ እስስት ሣለች። ዓይኗ አማረ፣ ጅራቷ ተጠቀለለ፣ ቀለም ግን አልያዝ አላት። አስካለ ብትሞክር፣ ብትሞክር አልሆነም። «ምሳ በልቼ ስመለስ ቀለም ካልያዘች አጥፍቼ በቦታዋ እንቁራሪት እሥላለሁ» ብላ ወጣች።

እስስት ይህን ሰምታ ፈራች። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ነገሩ ገረማት። «እኔ እስስት ነኝ» አለች። «ዘመዶቼ በቀን ስንት ቀለም ይቀያይራሉ። እኔ አንዱን እንኳ እንዴት አጣሁ?»

ላጲስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰማት። «እኔ አልቸኩልም» አላት። «ምሳ ነው፤ ጊዜ አለን።»

እስስት ወደ ቀለም ባልዲ ሄደች። «አያ ባልዲ፣ ቀለም አልያዝ አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

«ቢያንስሽ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አለና ባልዲ አረንጓዴውን ገለበጠባት። ቀለሙ ገባ። ቀለሙ ወጣ። ሰማዩን አረንጓዴ አደረገው፣ መንገዱን አረንጓዴ አደረገው፣ እስስትን ግን እንደነበረች ተዋት። «ሆድሽ ቀዳዳ ነው!» ብሎ ባልዲ ተቆጣ። ሰማዩን ያጸዳው ላጲስ ነው፤ እሱም እያጉረመረመ።

እስስት ወደ ብዕር ሄደች። «እትዬ ብዕር፣ ቀለም አልያዝ አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

«መስመርሽ ቀጥኖ ነው፣ እህቴ። ወፈር ላድርግልሽ» አለችና ብዕር መስመሯን ደጋግማ አወፈረችው። እስስት የደለበ በሬ መሰለች። ባልዲ እንደገና ገለበጠ። ቀለሙ ገባ። ቀለሙ ወጣ። ብዕርም አፍራ መስመሩን ወደ ነበረበት መለሰችው።

እስስት ወደ ቅጠል ሄደች። ቅጠል ጥንትም አረንጓዴ ነበር። «እኔ ከሥርሽ ልነጠፍልሽ» አላት። «ከላይ ለሚያይሽ ያንቺ ቀለም ይመስላል። ማን ያውቅብሻል?» ከሥሯ ገብቶ ተነጠፈ። እስስት አማረባት፤ ላጲስ እንኳ «እሰይ» አለ። አንድ እግሯን አነሣች፤ ሌላውን አስከተለች። እሷ ሄደች፣ ቀለሙ ከቅጠል ጋር ቀረ። የተውሶ ነገር እንዲህ ነው፤ ለቆመ ያምራል፣ ለሄደ አይሆንም።

እስስት ቁጭ ብላ አሰበች። «ቀለም እንዴት እንደሚገባ ሁሉም ነገረኝ» አለች። «በየት እንደሚወጣ ግን የጠየቀ የለም። አያ ባልዲ፣ እስቲ አንዲት ጠብታ ብቻ ስጠኝ።»

«አንዲት ጠብታ ምን ታደርግልሻለች?»

«ተከትያት እሄዳለሁ።»

ባልዲ ጠብ አደረገላት። እስስት አንዱን ዓይኗን በጠብታዋ ላይ፣ ሌላውን በገዛ መስመሯ ላይ አድርጋ በዝግታ ተከተለች። ጠብታዋ በአንገት በኩል ሄደች፤ መውጫ የለም። በጀርባ በኩል ሄደች፤ መውጫ የለም። ጅራት ሥር ስትደርስ ሹልክ ብላ ወጣች።

እስስት ጠጋ ብላ አየች። የጤፍ ፍሬ የምታህል ክፍተት ነበረች፤ ከሩቅ ለሚያይ የማትታይ። በግራና በቀኟ ሁለት ነጥቦች ቆመዋል። አንዱ አስካለ መስመሩን የጀመረችበት፣ አቶ መነሻ ናቸው። ሌላዋ መስመሩን የጨረሰችበት፣ ወይዘሮ መድረሻ ናቸው።

«ይቅደሙ» ይላሉ አቶ መነሻ።

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ እያሉማ አይሆንም። እርስዎ ታላቅ ነዎት።»

«እርስዎ ደግሞ ዞረው የመጡ እንግዳ ነዎት። በሞቴ ይቅደሙ።»

እስስት ሳቋ መጣ። «እንዲህ ስትባባሉ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«ከተሣልሽ ጀምሮ» አሉ አቶ መነሻ በኩራት። «እኛ የጨዋ ልጆች ነን።»

«ቀድሜ ብረግጥ ሰው ምን ይለኛል?» አሉ ወይዘሮ መድረሻ።

በዚህ መሐል የአስካለ ጫማ ከደጅ ተሰማ። ላጲስ ተነሣና ወገቡን አፍታታ። የእስስት ልብ ደነገጠ፤ ሳቋም ጠፋ።

«በሞቴ፣ በሞቴ ትባባላላችሁ» አለች። «የምሞተው ግን እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ነጥቦች አፈሩ። አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም አቶ መነሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲያው ይቅደሙ» አሉ።

እስስት ተስፋ ልትቆርጥ ምንም አልቀራት። ግን ነገሩ ገባት፤ የያዛቸው ክፋት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። «ስሙኝ» አለች። «ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን እሳቸው፣ እኩል ተራመዱ። አንዱ ዓይኔ እርስዎ ላይ ነው፣ ሌላው ዓይኔ እሳቸው ላይ ነው። ማን ቀደመ የሚል ቢመጣ፣ ማንም እንዳልቀደመ እኔ እመሰክራለሁ።»

ነጥቦቹ ተያዩ። ምስክር ካለማ ምን ቀራቸው? እኩል ተራመዱ፣ ገጠሙ፣ አንድ ነጥብ ሆኑ።

ባልዲ ገለበጠ። ቀለሙ ገባ። በአንገት ዞረ፣ በጀርባ ዞረ፣ ወደ ለመደው ወደ ጅራት ሥር ሮጠ። በሩ ተዘግቷል። ያን ጊዜ አርፎ ተኛ።

አስካለ ተመልሳ ላጲሱን ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ ዘርግታም ቀረች። «ይቺ ደግሞ መቼ ገጠመች?» አለች። እንድትሄድ አዘዘቻት። እስስት አንድ እግሯን አነሣች፤ ሌላውን አስከተለች። ቀለሙም አብሯት ሄደ። ደስታዋን ምን ልንገራችሁ። ባልዲም ለላጲስ፣ «መጀመሪያውንም አንሷት ነው ብያለሁ» አለው።

ልብ አድርጉ እንግዲህ፤ ሁለት ጨዋዎች «ይቅደሙ» ሲባባሉ፣ በረቱ ክፍቱን ያድራል።

እኔም ተረቴን ዞሬ ገጥሜያለሁ። ክፍተት ያገኘ ካለ፣ ይሉኝታ ሳይዘው ይንገረኝ።