ብስክሌት ሠሪውና ዐሥራ ሁለቱ ሽብልቆች

አንድ ብስክሌት ሠሪ ነበረ።

ስምረት ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ተማሪዎችሽን አንድ የሂሳብ ስሌት በስህተት እንዳስተማርሻቸው ትናንት ደርሰሽበታል። ፈተናው ታርሟል፣ ውጤቱ ተሰጥቷል፣ ያወቀብሽ ሰው የለም። «ፊታቸው ቆሜ ተሳስቼ ነበር ብል ይንቁኛል፤ ዝም ብዬ በሚቀጥለው ምዕራፍ ትክክለኛውን ባስገባው ምን አለበት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ቶሎ ልመልስልሽ እችል ነበር። ግን መጀመሪያ ስለዚህ ሰው ልንገርሽ።

ሰውየው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ሜዳማ ከተማ ነበር። በዚያች ከተማ አቀበት ስለሌለ ሁሉም የሚሄደው በብስክሌት ነው፤ ቄሱም፣ ነርሷም፣ ዓሣ ሻጩም። አብዛኞቹ ብስክሌቶች ያረጁ ነበሩ። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ፣ የሠራቸው ፋብሪካ ከተዘጋ ብዙ ዘመን የሆነው፣ መለዋወጫቸው በየትኛውም ሱቅ የማይገኝ። አዲሶቹ ቀለማቸው ያምራል፤ በሁለተኛው ክረምት ግን ይዝጋሉ። አሮጌዎቹ ብረታቸው ወፍራም ነው፤ የጎደለቻቸው አንዲት ዕቃ ከተገኘችላቸው ሌላ ሃምሳ ዓመት ይሄዳሉ።

ያቺን አንዲት ዕቃ የሚያገኘው እሱ ነበር። የሥራ ቤቱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተሞልቷል። በአንዱ የደወል ምላስ አለ፤ በአንዱ የፍሬን ሽቦ፤ በሌላው እንደ ብይ የሚንከባለሉ የኩሽኔታ ኳሶች። ለአንዲት ቡሎን ሲል የሞተ ብስክሌት ሙሉውን ይገዛል። ለአንዲት ነርስ የመሃል ዘንግ አራት ዓመት ሲፈልግ ቆይቶ አግኝቶላታል፤ እሷ ረስታው ነበር፣ እሱ አልረሳም። የግራ ፔዳል የሚፈታው ከሌላው ቡሎን ሁሉ በተቃራኒ መሆኑን የማያውቅ ሰው በጉልበት ታግሎ የፔዳሉን ጥርስ ሲጨርሰው፣ ይህ ሰው አይቆጣም። «እጅህን ስጠኝ» ይልና የሰውየውን እጅ መፍቻው ላይ አስይዞ ወዴት እንደሚዞር ያሳየዋል። ጭራሽ የማይገኘውን ዕቃ ደግሞ ራሱ ይሠራዋል። ብረቱን በሞርሳ ያስርና ይሞርዳል፣ ይለካል፣ እንደገና ይሞርዳል። ከእጁ የወጣውን ከፋብሪካው መለየት ለማንም ይቸግራል።

በአሮጌ ብስክሌቶች ላይ የፔዳሉን ክንድ ከመሃሉ ዘንግ ጋር አጥብቃ የምትይዝ፣ ከትንሽ ጣት የምታንስ የብረት ሽብልቅ አለች። ብታያት ምንም አትመስልም። ነጂው ተነሥቶ ሲረግጥ ግን ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። አንድ ዓመት ይህቺ ሽብልቅ ከየቦታው ጠፋች። ሠሪው ከፈረሰ የዘይት መጭመቂያ አንድ የብረት ዘንግ አግኝቶ ዐሥራ ሁለት ሽብልቆች ሠራ። ዐሥራ አንዱን በዐሥራ አንድ ብስክሌቶች ላይ ገጠመ፤ አንዷ ቆርቆሮ ውስጥ ቀረች።

ዓመት ገደማ አለፈ። አንድ ቀን ዓሣ ሻጩ የጎማው ካላማዳሪ ተበስቶበት መጣ። ሠሪው ለጥፎ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ፔዳሉን ነካ ነካ አደረገው፤ የሆነ ነገር ለእጁ አልተመቸውም። ሽብልቋን አውጥቶ በቤንዚን አጥቦ ወደ ብርሃን ሲያዞራት፣ ወገቧ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየ። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረችውን አመጣና በሞርሳ አስሮ በመዶሻ መታት። ደህና ብረት ቢሆን ይታጠፍ ነበር። ይህቺ እንደ ደረቅ ሸክላ ለሁለት ተከፈለች።

ለዓሣ ሻጩ ሌላ ሽብልቅ ከአሮጌ ብስክሌት አውልቆ ገጠመለትና፣ ምንም ሳይነግረው ሸኘው። ምሳ ላይ የተሰበረችውን ሽብልቅ ገበታው ላይ አስቀምጦ ያገላብጣት ጀመር። ባለቤቱ አየችው።

«ምን ሆነሃል?»

«የሠራኋቸው ሽብልቆች ይሰበራሉ።»

«የማን ተሰበረ?»

«እስካሁን የሰማሁት የለም።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ጎማ ሊያስነፉ ሲመጡ እየፈታህ ቀይርላቸው። ማን ያያል? ይህን ስም ለማግኘት ስንት ዓመት ለፋህ!»

ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ስለምትወደው ነው ያለችው። እሱም ምክሯን ወደደው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጠንካራ ቡሎኖች ፈልጎ፣ አዳዲስ ሽብልቆች ሠርቶ ተቀመጠ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ብስክሌቶች በሌላ ጉዳይ መጡ፤ ሁለቱንም በዝምታ ቀየረላቸው። ከዓሣ ሻጩ ጋር ሦስት ሆኑ። ስምንት ቀሩ።

ሠሪው የደንበኞቹን ስም እንጂ ብስክሌታቸውን ረስቶ አያውቅም ነበር። ከስምንቱ መካከል አንዷ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ኮርቻዋ በፍየል ቆዳ የተለበጠች ብስክሌት ነበረች። ይህቺን ብስክሌት መንገድ ላይ ካያት ብዙ ጊዜ እንደሆነው ድንገት ትዝ አለው። ልቡ አላርፍ ሲለው ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ሰፈር ተሻግሮ፣ እየጠየቀ ቤቱን አገኘው።

የግቢውን በር የከፈተለት ጎልማሳ ሰው ነበር።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ እንጂ።»

«አረንጓዴዋን ብስክሌት ለማየት ነው የመጣሁት።»

«እሷማ አበቃላት» አለ ሰውየው። ወደ ጓሮ ወስዶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ብስክሌት አሳየው። የፊቱ ሹካ ተጣሟል፣ ቸርኬው እንደ ቅጠል ተጠቅልሏል። «እህቴ ናት እንዲህ ያደረገቻት። የአባታችን ማስታወሻ ነበረች። ሁለት ሣጥን ዳቦ አትጫኚባት ብዬ ስንቴ ነገርኳት! ድልድዩ ላይ ከነዳቦው ወድቃ እጇን ሰበረች። ሰባት ወራችን ነው፤ በአንድ ግቢ እየኖርን በአንድ ገበታ አንቀርብም።»

እህቱ በዚያች ከተማ ከዳቦ ቤት ወደየሱቁ በብስክሌት ዳቦ የምታደርስ ብቸኛ ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ በደወሏ ያውቃታል። ከወደቀች በኋላ ሥራውን ተወችው። ዳቦ ቤቱ እጇ ሲድን ተመለሺ ቢላት፣ «እኔ የያዝኩት ነገር ይሰበራል» ብላ እምቢ አለች።

ሠሪው ጎንበስ ብሎ አየ። የግራው ፔዳል ክንድ ተንጠልጥሏል። ቀዳዳው ውስጥ የሽብልቋ ግማሽ ቀርቷል። በምስማር ገፍቶ መዳፉ ላይ አወጣት። የተሰበረችበት ፊት ግራጫና እንደ ጨው ፍርፍር ያለ ነበር፤ በመዶሻ የመታት ሽብልቅም ልክ እንዲሁ ነበረች። ወንድምየው አጠገቡ ቆሟል፤ ሽብልቅ ምን እንደሆነች እንኳ አያውቅም። የሠሪው የቱታ ኪስ ከመዳፉ አንድ ስንዝር አይርቅም። ያቺን ቁራጭ ብረት እዚያ ቢጥላትና «አቃንቼ እመልሳታለሁ» ብሎ ብስክሌቷን ይዞ ቢሄድ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ይህን ታሪክ የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው። «ኪሴን ሁለት ጊዜ አሰብኩት» ብሎኛል።

«እህትህን ጥራልኝ» አለ።

«ምን ያደርጉላታል? እኔው አለሁ አይደል?»

«እሷ በሌለችበት አልናገርም።»

ልጅቷ ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ መጣች። ወደ ብስክሌቷ ላለማየት ፊቷን ዞር አድርጋ ቆመች። ሠሪው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልጄ፣ የወደቅሽው በዳቦው ክብደት አይደለም። ይህቺን ብረት ታያለሽ? ፔዳሉን የምትይዘው እሷ ናት። የሠራኋትም የገጠምኳትም እኔ ነኝ። ብረቱን ሳልፈትን ነው የሠራኋት፤ እሷ ተሰብራ ነው የጣለችሽ። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።»

ልጅቷ ለጊዜው የሰማችው አልመሰለም። «ድንጋይ ነበር እኮ» አለች። «ድልድዩ መግቢያ ላይ ድንጋይ መትቼ ነው።»

«ድንጋዩን አይተሽዋል?»

ቆማ አሰበች። «አላየሁም» አለች በመጨረሻ። «ምን መትተሽ ነው ሲሉኝ ድንጋይ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሳስበው ሳስበው ያየሁት መሰለኝ።» ይህን ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወንድሟ እጁን ኮርቻው ላይ ጭኖ አቀርቅሮ ቀረ።

ልጅቷ ቀና አለች። «መቼ ነው ያወቁት?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«አዎ። ለማንም ሳልናገር በዝምታ ልቀይራቸው ብዬ ነበር።»

«እርስዎ የራስዎን ስም ሲጠብቁ» አለች ልጅቷ፣ «የእኔን ስም ማን ይጠብቅልኝ?»

ሠሪው ቁራጯን ብረት እንደያዘ ወጣ።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ብስክሌቶች ተደርድረው የሚቆሙበት ዋርካ ሥር ሄዶ፣ ብረቷን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ተናገረ። የሠራው ሽብልቅ እንደተሰበረ፣ በዚህ የተነሣ ዳቦ አመላላሿ እንደወደቀች፣ እሷ አንዳች ጥፋት እንደሌለባት፣ ሰባት ሽብልቆች ገና በሰው ብስክሌት ላይ እንዳሉ። የሳቀ ነበር። ብስክሌቱን ይዞ ወደ ሌላ ሠሪ የሄደም ነበር፤ በዚያ ክረምት ሥራ ቤቱ ጭር ብሎ ከረመ። አንድ ሀብታም የእህል ነጋዴ፣ «ሰው እንዴት በገዛ አፉ ስሙን ያጠፋል? የእኔ አልተሰበረም፤ አትንካብኝ» አለው። ሠሪው ከነጋዴው ጎማ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠና አልነሣም አለ። ነጋዴው ሰልችቶት ሲፈቅድለት ሽብልቋን አውጥቶ አሳየው። ተሰንጥቃ ነበር። ነጋዴው ብረቷን አገላብጦ አይቶ ብስክሌቱን ወደ ሠሪው ገፋለት።

ቀጥሎ የአረንጓዴዋን ብስክሌት ሹካ ፍለጋ ወጣ። አንዴ የታጠፈ ሹካ ቢቃና እንኳ እሱ ሰው አያስቀምጥበትም። ስድስት ሳምንት ፈለገ፤ ሦስት ከተሞች ዞረ። በመጨረሻ ያገኘው ከተማ ውስጥ አልነበረም። አንድ ገበሬ የጉድጓዱን ውሃ የሚስብበትን መዘውር ያንጠለጠለው በዚያው ዓይነት ብስክሌት ሹካ ላይ ነበር። ሠሪው እዚያው ሁለት ቀን አድሮ ለገበሬው የተሻለ የመዘውር ማንጠልጠያ ሠራለትና ሹካውን ይዞ ተመለሰ።

ብስክሌቷን ገጣጥሞ ሽብልቋ ብቻ ስትቀር ልጅቷ ሥራ ቤቱ ድረስ መጣች። ገና አልታረቀችውም ነበር። «ከዚያው ብረት ሁለት ይሥሩ» አለችው። «አንዷን እኔ ፊት ይምቷት።» ሁለት ሠራ፤ አንዷን በሞርሳ አስሮ በመዶሻ መታት። ታጠፈች እንጂ አልተሰበረችም። ልጅቷ የታጠፈችውን ብረት በጣቷ ዳሰሰቻትና፣ «እንግዲህ ሌላዋን ይግጠሟት» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን የዳቦ ሣጥኖች ተሸክሞ ብስክሌቷ ላይ የጫነው ወንድሟ ነበር። ገመዱን ራሱ አሰረ፤ ሁለት ጊዜ ሳበው። እሷም ደወሏን እየደወለች ድልድዩን ተሻገረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠሪው ማንኛውንም ዕቃ ሲሠራ ሁለት አድርጎ ይሠራል፤ አንዱን በብስክሌቱ ባለቤት ፊት ይመታዋል። የሄዱት ደንበኞቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ሠሪ አለ ብለው ከሩቅ ከተማ የአባታቸውን ብስክሌት አውቶቡስ ላይ ጭነው የሚመጡም አሉ። በሕይወቴ ብዙ ብልህ እጅ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ሰው እጅ ያከበርኩት ግን የለም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ስምረት። ይንቁኝ ይሆን ብለሻል። ሊንቁሽ ይችላሉ፣ አልዋሽሽም፤ እሱንም የናቁት ነበሩ። ነገር ግን ስህተት ባለቤቱ ዝም ሲል ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የሚሸከምለት ሌላ ሰው ይፈልጋል። የሽብልቋ ጥፋት ሠሪው ሳያውቅ በዚያች ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ካወቀ በኋላ ለነበሩት ሦስት ሳምንታት ግን ያሸከማት እሱ ነው። ያንቺም ስሌት ዛሬ በስልሳ ልጆች ራስ ውስጥ ተገጥሟል። ከእነሱ መካከል ፈተናው ላይ ትክክለኛውን መልስ ጽፋ፣ አንቺ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደረግሽባት ልጅ አትጠፋም። ወረቀቷን ይዛ ቤቷ ገብታ «ለካ ሂሳብ አይገባኝም» ብላለች፤ ምናልባት አባቷም ተቆጥቷታል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ትክክለኛውን በዝምታ ብታስገቢው እሷ አታይልሽም፤ ደብተሯን ዘግታዋለች። ነገ ጠዋት የፈተና ወረቀቶቹን ሰብስቢና ያቺን ልጅ ፈልጊያት። ከዚያ በክፍሉ ሁሉ ፊት ስሟን ጠርተሽ፣ «አንቺ ልክ ነበርሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» በያት።