ሽኮኮና ጌጥ የበዛባት ጠመንጃ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሯችሁን ወዲህ፣ ወሬያችሁን ወዲያ አድርጉት።

ድንጋይ ሲናገር ሰው ዝም ብሎ ይሰማ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ወገብ ላይ ቢተው የሚባል ሽኮኮ ይኖር ነበር። ሚስቱ ዘርትሁን ትባላለች። ሦስት ልጆች አሏቸው። ቤታቸው የዓለት ስንጥቅ ናት፤ ደጇ ጠባብ፣ ውስጧ ጨለማ፣ ከደጅ እስከ ጓዳ አንድ ሽኮኮ ሁለቴ ቢዘል የምታልቅ። ይቺን ልክ ያዙልኝ። ቢተው ልኳን ስላልያዘ ነው ይኼ ሁሉ ጣጣ የመጣው።

ከገደሉ ሥር ደግሞ አነር ነበር። አነር ማለት ድመትነት አልበቃ ብሎት ነብርነት ያልተሳካለት አውሬ ነው። ባለፈው ክረምት የጎረቤታቸውን ልጅ ወስዷል። በዚህ በጋ ዱካው በእነ ቢተው ደጃፍ አቧራ ላይ ይታይ ጀመር፤ መጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ቀጥሎ ቀረብ ብሎ፣ በመጨረሻ ደፉ ላይ። ዘርትሁን ዱካውን ባየች ቁጥር ልጆቿን ትቆጥራለች። ቢተውም ይቆጥራል፤ እሱ የሚቆጥረው ግን መሸሻ ቀዳዳ ነው። ቤቷ ደግሞ ያላት ያው አንድ ደጅ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አዳኞች ከገደሉ ግርጌ ሰፈሩ። ጎሽ ሊያድኑ መጥተው ጎሹ አደናቸውና ዕቃቸውን በትነው እግሬ አውጪኝ አሉ። የዱር አራዊት ሁሉ ወርዶ ያገኘውን አነሳ። ጉሬዛ ሩቅ ማሳያ መነጽር አነሳ። ከርከሮ ዝናር አነሳ። ዝንጀሮ ጠመንጃ የሚቆምበትን ብረት እግር አነሳ። ቢተው ፀሐይ ሲሞቅ ቆይቶ ዘግይቶ ደረሰና ማንም ያልፈለጋት አንዲት አጭር ጠመንጃ ደረሰችው።

ለማታውቁ ላስረዳ፤ ለምታውቁም ላስረዳ። ጠመንጃ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ጥይቱን እንደ ጦር አሹሎ ሩቅ ይልካል። ይቺኛዋ ግን ፍሬ በታኝ ናት፤ አንዷ ጥይቷ ማሽላ ማሽላ የሚያካክል እርሳስ በእፍኝ ይዛለች። ሥራዋ የቅርብ ጠብ ነው። አፈሙዟ ጫፍ ላይ ምስር የምታክል የናስ ጉብ አለች። እሷን የፈራኸው ነገር ላይ ታሳርፍና ቃታ ትስባለህ፤ አለቀ። ማነጣጠሪያዋ ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው ማንም ያላመነው።

ጠመንጃና ፈረስ ያለ ስም አይያዝምና ቢተው ስም አወጣላት፤ አትምጣብኝ አላት። እሷም ሰማችው፤ ያኔ ዕቃም ይሰማል።

ዘርትሁን ጠመንጃዋን ባየች ጊዜ እፎይ አለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ቤታችን ጨለማ ነው፤ ከጣሪያው ላይ ያቺን ልቅ ድንጋይ እናንሳና ብርሃን ደፉ ላይ ይውደቅ፤ ከመተኮሳችን በፊት የገባው ማን እንደሆነ እንወቅ አለች። ቢተው የመሣሪያ ነገር ዕውቀት ይጠይቃል ብሎ አሳለፋት። ጠዋት ጠመንጃ አይቶ የማያውቅ ፍጡር ከሰዓት በኋላ መምህር ሆኖላችኋል።

ከዚያ ጠመንጃዋን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ከደጁ ፊት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ቆሞ ይፎክር ጀመር። የገደል ማሚቶው ፉከራውን ተቀብሎ ለአገሩ ሁሉ አደረሰለት። በዚያ አገር ደግሞ አዲስ ነገር ያገኘን ሰው ጎረቤት መጥቶ «ያዝልቅልህ» ይለዋል፤ ባዶ እጁንም አይመጣም። የመጣውን ስጦታ መመለስ የሰጪውን እናት ከመስደብ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ነጋድራስ ጉሬዛ መጣ። ነጭ ካባውን አዘናፍሎ መነጽሩን በእቅፉ ይዟል። የሚኖረው ከዝግባ ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ አገር ምድሩን ያያል። መነጽሩን ለመብላት ሞክሮ አልሆን እንዳለው ግን አልተናገረም።

«አያ ቢተው፣ መሣሪያህስ ደኅና ነበረች፤ ዓይን የላትም እንጂ» አለ። «ጠላትህን ሦስት ተራራ ሲቀረው ካላየኸው ምኑን አየኸው?»

«የኛ ጠላት ተራራ ላይ አይደለም ያለው፤ ደፍ ላይ ነው» አለች አትምጣብኝ።

ቢተው እንግዳ ፊት አታዋርጂኝ ብሎ በክርኑ ነካ አደረጋትና መነጽሩን ከጀርባዋ ላይ አሰረው። መነጽሩም እኔ የማላየው የለም እያለ ተኮፈሰ። የናሷ ጉብ ከሥሩ ጥላ ውስጥ ቀረች።

ቀጥሎ ባላምባራስ ከርከሮ መጣ። እሱ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ ውሎ የትም የሚያድር ነው፤ ስለዚህ ያለውን ሁሉ ይዞ መዞር ይወዳል። ጥይት የሞላውን ዝናር ከፊቱ ወረወረው፤ ዳር ዳሩ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት።

«ወንድሜ፣ ጥይት ካለቀብህ አለቀልህ» አለ። «እስከ ማታ ብትዋጋስ? እስከ ነገ ብትዋጋስ?»

«እኔ ሁለት ነው የምጎርሰው» አለች አትምጣብኝ። «በዚያች ቤት ውስጥ ሁለቱን የሳተ ሰው ሦስተኛውን የሚያጎርስበት ጊዜ አይኖረውም።»

ቢተው ይሉኝታ ያዘውና ዝናሩን በወገቧ ላይ ጠመጠመላት፤ ተርፎም በሰደፏ ዙሪያ ተንዘላዘለ። ዝናሩ እኔ የሌለሁበት ቤት ረሃብ ይገባዋል እያለ ተንቀጫቀጨ።

በመጨረሻ ግራዝማች ዝንጀሮ መጣ። እሱ ቀኑን ሙሉ ሸንተረር ላይ ተቀምጦ ሜዳ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው፤ ይዞ የመጣውም ወዲህና ወዲያ የሚንፈራጠጥ ብረት እግር ነበር። ጀግና አይንቀጠቀጥም የሚሉት ውሸት ነው አለ፤ ጀግና ይንቀጠቀጣል፣ መሣሪያው ግን እግር ስላለው አይታወቅበትም። ቢተው ይቺን አባባል ወደዳት፤ መንቀጥቀጡን ያውቀዋልና። እግሩን ከአፈሙዟ ሥር አሰረው። አትምጣብኝ በዚህ ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ሦስተኛ ጊዜ የሚናገር ዕቃ ጠላቱ ብዙ ነው።

ሦስቱ እንግዶች ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሥራቸውን አደነቁ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሰባት አገር የለም ተባባሉ፤ ሰባቱን አገር ማን እንዳያቸው ግን አልተጠየቀም። ዘርትሁን ከውስጥ ሆና፣ ለመሆኑ ይቺ ነገር በደጃችን ታልፋለች ወይ ብላ ጠየቀች። ቢተው ሳቀ። ሴት ልጅ ምን ታውቃለች የሚል ሳቅ ነበር። ጠመንጃዋ ከእሱ ስለከበደች የኋሊት እየሄደ ነበር የሚጎትታት። ደጁ ላይ ሲደርስም በጎን አጋድሎ፣ እግሩን አጥፎ፣ መነጽሩን ከጣሪያ ጋር አፋጭቶ፣ በስንት መከራ አስገባት።

በማግስቱ ዘርትሁን ቅጠል ልትለቅም ወጣች። ቢተው ጨለማው ውስጥ ብረት እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑን መነጽሩ ላይ ለጥፎ ደጁን ይጠብቃል። አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ቅርቡን አያቀርብም፤ ያፈርሰዋል። ቢተውም በመነጽሩ ውስጥ ሲያይ ደጁ ላይ ግንድ ግንድ የሚያህል ጸጉር ብቅ አለ። ጸጉሩ ጭንቅላት የለው፣ እግር የለው፣ ጸጉር ብቻ ነው።

«አነሩ መጣ» ብሎ ጣቱን ቃታው ላይ አደረገ።

«እየው፣ ግልጽ ብሎ ይታያል» አለ መነጽሩ።

«ጌታዬ፣ አነር ከመቼ ወዲህ ነው ቅጠል በአፉ ተሸክሞ የሚገባው?» አለች አትምጣብኝ።

ቢተው ዓይኑን ከመነጽሩ ነቀለ። ዘርትሁን ናት። በአፏ ለልጆቿ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል እንደያዘች አፈሙዙ ፊት ቆማለች። ቅጠሉን ለልጆቿ አስቀመጠች፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጥታ ያቺን ልቅ ድንጋይ በራሷ ገፋ ገፋ አድርጋ ጣለቻት። የፀሐይ ብርሃን ደፉ ላይ ወደቀ። ወርዳ ስትገባ፣ ከእንግዲህ እኔን ስትገድል ቢያንስ እያየኸኝ ግደለኝ አለችው። ቢተው ያን ቀን ምሳ አልወረደለትም።

አልወረደለትም እንጂ ጌጡን አላወለቀም። ሰው ምን ይላል? ነጋድራስ ዝግባው ላይ ሆኖ ያያል፤ ባላምባራስ በሥር ያልፋል፤ ግራዝማች ሸንተረሩ ላይ ነው። ስጦታቸው ተጥሎ ቢያዩስ? ስለዚህ ቢተው አንድ መላ መታ፤ መሣሪያው ለቤት ካልተመቸ ቤቱን ትቼ ውጭ ልጠብቅ አለ። ቤት ለመጠበቅ ከቤት የወጣ የመጀመሪያው ዘበኛ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዘርትሁን ለቅጠል ወጥታለች፤ ልጆቹ ውስጥ ናቸው። ቢተው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ጠመንጃዋን በእግሯ አቁሞ በመነጽሩ ሦስተኛውን ተራራ ይመለከታል። እዚያ አንድ ገበሬ ጆሮውን ሲያክ አየ። መነጽሩ የትኛውን ጆሮ እንደሆነ ጭምር አሳየው። ይህን ሲያደንቁ ሳለ ከድንጋዩ ሥር ሞቅ ያለ ትንፋሽ መጣ። አነሩ ነው።

ቢተው ጠመንጃዋን በሰደፏ ይዞ የኋሊት ወደ ደጁ ፈረጠጠ። እሱ ገባ። ሰደፏም ገባ። ከዚያ መነጽሩ ጣሪያውን ያዘ፤ ዝናሩ በቀኝ ካለው ሹል ድንጋይ ተጠላለፈ፤ ብረት እግሩ በግራ ተንፈራጠጠ። አትምጣብኝ ደጁ ላይ አግድም ተቀረቀረች። አፈሙዟ የሚያየው የገደሉን ግድግዳ ነው። ከቢተው ጀርባ ሦስቱ ልጆች እርስ በርስ ተጣበቁ።

አነሩ አልቸኮለም። መጥቶ ተቀመጠና መዳፉን ላሰ።

«አያ ቢተው፣ እንደምን ዋልክ?»

ይሉኝታ ክፉ ነው፤ ቢተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ።

«ምን ሆነህ ነው ደጅህን በብረት የዘጋኸው? ልርዳህ እንጂ። ያ ላይ ያለው ብርጭቆ ነገር እኮ ነው የያዘብህ። እሱን ብትፈታው ትንሽ ላላ ይልልሃል።»

ቢተው ያው ለመካሪ ቶሎ የሚረታ ነውና ግራ ገባው። አትምጣብኝ ግን ቀስ ብላ፣ «እሺ በለው» አለችው። «ዛሬ ገና ደግ ምክር ሰማህ።»

ቢተው መነጽሩን ፈታ። መነጽሩ ያለ እኔ ዕውር ናችሁ እያለ ተንከባለለና ገደል ሊገባ ሲል ቁጥቋጦ ያዘው። አነሩ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ያ ቆዳ ነገር ደግሞ በዚህ በኩል ይዟል አለ አነሩ። ቢተው ዝናሩን ፈታ። ዝናሩ ያለ እኔ ትራባላችሁ እያለ ወደቀ። አነሩ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ያ እግር ብቻ ቀረ አለ አነሩ፤ ምራቁ ጢሙ ላይ ወርዷል። ቢተው ብረት እግሩን ፈታ። እግሩ ያለ እኔ ትንቀጠቀጣላችሁ እያለ ወደቀ። እውነቱን ነው፤ ቢተው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደጁ ተከፈተ። አነሩ ጭንቅላቱን አስገባ። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ፊቱ ላይ አረፈ፤ እያንዳንዱ ነጥቡ ታየ። አትምጣብኝ እርቃኗን፣ አጭርና ቀላል ሆና፣ በአንድ ጊዜ ዞረች። ምስር የምታክለው የናስ ጉብ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ተቀመጠች። የምትናገረው ነገር ግልጽ ነበር።

አነሩ ቆመ። «ለካ ለቅሶ ነበረብኝ» አለ።

«የማን?» አለ ቢተው።

«እንጃ፤ ገና አልታወቀም።»

ይህን ብሎ ዞረ፤ ሲዞር ቢተው ቃታውን ሳበ። ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ጭንቅላቱን ሳተውና መቀመጫው ላይ ማሽላ ዘራበት። አነሩ ገደሉን በአንድ ዝላይ ወረደው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ዱካው አልታየም፤ ቢታይም የቆመ እንስሳ ዱካ ነው፣ የተቀመጠ አይደለም።

ተኩሱን ሰምተው ሦስቱ ጎረቤቶች ሮጠው መጡ። ዘርትሁንም ደርሳ ልጆቿን ቆጠረች፤ ሦስት ናቸው። ጉሬዛ መነጽሬ ባይኖር ምን ይውጣችሁ ነበር አለ። ከርከሮ ዝናሬ ነው ያዳናችሁ አለ። ዝንጀሮ ሁሉንም ያቆመው እግሬ ነው አለ። ቢተው እንደ ልማዱ ሦስቱንም ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት ዘርትሁን ቀደመችው።

«እንዲህ ያለ ውለታ ውላችሁማ ደጅ አትቆሙም» አለች። «ግቡ፤ ቤት ያፈራውን ቅመሱ። በሞቴ፣ ግቡ።»

እምቢ ማለት ነውር ነው። ጉሬዛ ሊገባ ሲል ካባው ትከሻው ላይ ተጣጥፎ ማለፍ አቃተው። ከርከሮ ሊገባ ሲል ክራንቻው ግራና ቀኝ ያዘው። ዝንጀሮ ሊገባ ሲል ጭንቅላቱ አለፈ፣ ደረቱ አላለፈም፤ ጎትተው አወጡት። ሦስቱም አቧራቸውን እያራገፉ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ያቺን ቤት ውስጧን አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም ነበር።

ዘርትሁን የወደቁትን ዕቃዎች ለቅማ መነጽሩን ለጉሬዛ፣ ዝናሩን ለከርከሮ፣ ብረት እግሩን ለዝንጀሮ አስታቀፈቻቸው። ከዝናሩ ሁለት ጥይት ብቻ አስቀረች።

«ያዝልቅላችሁ» አለቻቸው።

ተረቴን ይኸው አደረስኩ፤ ጎዶሎውን እናንተ ሙሉበት።

መካሪ ሁሉ ልኩን ከራሱ ቤት ይዞ ይመጣል፤ ለቤትህ ከመምረጡ በፊት በደጅህ ይለፍ።