ቁጭ ማለት ያማራት ፈትለወርቅ

ወሬ ላወራችሁ ነው፤ እሺ በሉኝና ቁጭ ብላችሁ ስሙ። የማወራችሁ ቁጭ ማለት አምሯት ስለተንከራተተች ሴት ነውና ቆሞ መስማቱ ደግ አይደለም።

ፈትለወርቅ ትባላለች። በአንዲት ደጋ ከተማ ጫፍ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ «የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መልማይ» የሚባል አዲስ መደብ ከፈተና እሷን ቀጠራት። ከእሷ በፊት ሥራውን የሠራ ሰው የለም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅም የለም። ማስተርስ የሚማር ሰው ፈልጊ፣ አግባቢ፣ መዝግቢ አሏት። ምዝገባው እስኪዘጋ አንድ ሰው እንኳ ካልመዘገብሽ መደቡ ይታጠፋል፣ አንቺም ወደ መጣሽበት ትመለሻለሽ አሏት። እሷ ደግሞ የድሮ ሥራዋን ለቅቃ፣ የተከራየችውን ቤት አስረክባ፣ እቃዋን በአይሱዙ ጭና ነው የመጣችው። የምትመለስበት የለም።

ቢሮ ሰጧት። ከደረጃው ሥር ያለች፣ ድሮ የተሰባበረ ጥቁር ሰሌዳ ይከመርባት የነበረች ክፍል ናት። ጠረጴዛ አላት፤ ወንበር የላትም። ስለ ትምህርቱ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አንገቱን ያስገባል፣ ፈትለወርቅን ቆማ ያገኛታል፣ የሚቀመጥበት ያጣል፣ «ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። አይመለስም። አንድ ቀን ከጎረቤት ቢሮ ወንበር ተዋሰች። ጀርባው ላይ የክፍሉ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፏልና የኮሪደሩ ጥበቃ «ይሄ የሰው ወንበር ነው እህቴ» ብሎ ከእጇ ተቀብሎ መለሰው። እግሯ አበጠ፣ ወገቧ ተቆረጠ። ሌላ ምንም አላማራትም፤ አንዲት ወንበር ብቻ አማራት።

ግምጃ ቤት ሄደች። ጋሽ ደምሰው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ወንበሩ እስከ ጣሪያው ተከምሯል።

«ጋሽ ደምሰው፣ ከነዚህ አንዱን ቢሰጡኝ?»

«ውይ ልጄ፣ ለኔ ቢሆን ሁለት ውሰጂ ባልኩሽ። ንብረት ክፍል ካልፈረመበት ግን አንዲት እግሩም አትወጣም።»

ጋሽ ደምሰው ካልተፈረመ ወንበር አልሰጥም አሉ፤ ፈትለወርቅም ቆማ ቀረች።

ንብረት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው። እትዬ ብዙአየሁ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ፈትለወርቅ ስትገባ ቀና አላሉም። አዲስ ሰው ናት፣ በዚያ ግቢ እሷን አይቶ «ኖር» ብሎ የሚነሣላት የለም።

«አንቺ መዋቅር ላይ የለሽም» አሏት። «በሌለ ሰው ስም ወንበር አውጥቼ ኦዲተር ሲመጣ ምን ልበል? የሰው ሀብት መጀመሪያ መደብሽን ያጽናው።»

እትዬ ብዙአየሁ መደቡ ካልጸና አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው ካልተፈረመ ወንበር አልሰጥም አሉ፤ ፈትለወርቅም ቆማ ቀረች።

የሰው ሀብቱ አቶ ጥላዬ ሰው አያስከፉም። ለሁሉም ነገር መልሳቸው «ችግር የለም» ነው።

«መደቤን ያጽኑልኝ» አለች።

«ችግር የለም!»

«ዛሬ ይሆናል?»

«ችግር የለም! የበጀት ኮዱ ብቻ ይከፈት።»

ከችግር የለም የባሰ ችግር እንዳለ ፈትለወርቅ ያን ቀን አወቀች። አቶ ጥላዬ ኮድ ካልተከፈተ መደቡን አላጸናም አሉ፤ እትዬ ብዙአየሁ መደቡ ካልጸና አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው ካልተፈረመ ወንበር አልሰጥም አሉ፤ ፈትለወርቅም ቆማ ቀረች።

ኮዱን የሚከፍቱት የዕቅድና በጀቱ ዶክተር መንገሻ ናቸው። ወንበራቸው ይዞራል። እሷ ስትናገር ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ስትጨርስ ወደ እሷ ዞሩ።

«እህቴ፣ ተማሪ የሌለው ቢሮ በጀት ምን ያደርግለታል? አንድ ሰው መዝግቢና ነይ፤ ያኔውኑ እከፍተዋለሁ።»

ዶክተር መንገሻ ተማሪ ካልተመዘገበ ኮድ አልከፍትም አሉ፤ አቶ ጥላዬ ኮድ ካልተከፈተ መደቡን አላጸናም አሉ፤ እትዬ ብዙአየሁ መደቡ ካልጸና አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው ካልተፈረመ ወንበር አልሰጥም አሉ፤ ፈትለወርቅም ቆማ ቀረች። አሁንስ ቢበቃት አትፍረዱባት። ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳውን እየተደገፈች ነበር።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ በሯ ላይ ቆሙ። ከዘራ ይዘዋል። መምህር አየናቸው ይባላሉ፤ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«ልጆቼን አስመርቄ ጨረስኩ» አሉ። «አሁን ተራው የኔ ነው። ማስተርስ ልማር ነው የመጣሁት።»

ፈትለወርቅ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። የምዝገባውን ቅጽ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው የቅጹን ፊት አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ ክፍሉን ዙሪያውን አዩ።

«የት ልቀመጥ ልጄ?»

«ለዛሬ ብቻ ቆመው ቢሞሉት፣ መምህር?»

«ጉልበቴ እሺ አይለኝም። ደግሞም ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ ስሆን ግን ተቀምጬ ነው።»

እንግዲህ ያዙልኝ! መምህር አየናቸው ካልተቀመጥኩ አልመዘገብም አሉ፤ ዶክተር መንገሻ ተማሪ ካልተመዘገበ ኮድ አልከፍትም አሉ፤ አቶ ጥላዬ ኮድ ካልተከፈተ መደቡን አላጸናም አሉ፤ እትዬ ብዙአየሁ መደቡ ካልጸና አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው ካልተፈረመ ወንበር አልሰጥም አሉ፤ ወንበር ከሌለ ደግሞ መምህር አየናቸው ካልተቀመጥኩ አልመዘገብም አሉ። ዞሮ ዞሮ እዚያው! ፈትለወርቅ እንባዋ መጣ። አልደበቀችውም፤ መደበቅም ጉልበት ይጠይቃል።

ሽማግሌው ምን እንደሆነች ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ቆመን ከምናዝን ሄደን እንያቸው» አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

ጋሽ ደምሰው ገና ሲያዩአቸው «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ። «በእግዜር!» አሉ መምህር አየናቸው፤ ጋሽ ደምሰውም እንደ ወጉ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ወንበር ግን አልሰጡም። እትዬ ብዙአየሁ ጋቢያቸውን ሰብስበው «ኖር!» አሉ፤ በእግዜር ተባሉ፣ ተቀመጡ፣ አልፈረሙም። አቶ ጥላዬ «ኖር! ችግር የለም!» አሉ፤ በእግዜር ተባሉ፣ ተቀመጡ፣ አላጸኑም። ፈትለወርቅ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ሽማግሌው ከደረጃ ደረጃ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ዶክተር መንገሻ በር ሲደርሱ ከዘራው ራሱ የደከመው ይመስል ነበር።

ዶክተር መንገሻም በወግ ያደጉ ሰው ናቸውና «ኖር!» ብለው ተነሡ፤ ወንበራቸውንም በእጃቸው አመለከቱ። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚጠብቀው «በእግዜር፣ አይነሡ» መባልን ነው።

«በእግዜር» አሉ መምህር አየናቸው። ተቀመጡም።

የእንግዳ ወንበሮቹ ያን ቀን ለስብሰባ ወደ አዳራሽ ተወስደዋል። ዶክተር መንገሻ ቆሙ።

«በይ ልጄ፣ ወረቀቱን አምጪው» አሉ ሽማግሌው። ብዕራቸውን አወጡና ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ፊደሉን አንድ በአንድ እያሳመሩ ይሞሉ ጀመር። ዶክተሩ በቀኝ እግራቸው ቆሙ፣ በግራ እግራቸው ቆሙ፣ ግድግዳ ተደገፉ። ፈትለወርቅ ያን አቋቋም ታውቀዋለችና አዘነችላቸው። ትንሽ ብቻ።

«መምህር፣ ሲጨርሱ...» አሉ ዶክተሩ።

«ጨርሻለሁ፤ ይኸው ተማሪ ሆኛለሁ። ኮዱ እስኪከፈት አረፍ ብዬ ነው።»

ከዚህ በኋላማ ምን ልንገራችሁ! መምህር አየናቸው ስለተቀመጡ ተመዘገቡ፤ ተማሪ ስለተመዘገበ፣ ወንበራቸውም ስላማራቸው፣ ዶክተር መንገሻ ኮዱን ከፈቱ፤ ኮዱ ስለተከፈተ አቶ ጥላዬ ችግር የለም ብለው መደቡን አጸኑ፤ መደቡ ስለጸና እትዬ ብዙአየሁ ቆሏቸውን አስቀምጠው ፈረሙ፤ ስለተፈረመ ጋሽ ደምሰው አንዲት ወንበር ከቁልሉ መዝዘው፣ አቧራዋን አራግፈው ሰጡ። ፈትለወርቅ ተሸክማ ሄደች። ጥበቃው የወንበሯን ጀርባ ቢያገላብጥ የማንም ቁጥር የለባትም፤ አሳለፋት።

ወንበሯን ከደረጃው ሥር አገባች፣ መምህር አየናቸውን አስቀመጠችባት፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ቅጹን ማኅተም ልታስመታ ሮጠች። አስመታች። መደቧ ዳነ። ስትመለስ ግን መሮጥ ቀርቶ መራመዱም እየከበዳት፣ እግሯን እየጎተተች በሯን ገፋችው።

«ኖር!» አሉ መምህር አየናቸው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ እያሉ።

ፈትለወርቅ ማን መጣ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም።

«አንቺን ነው ልጄ። እኔማ ዛሬ ዶክተሩ ወንበር ላይ ጠግቤ ተቀምጫለሁ።»

እንደ ወጉ አይነሡ ማለት ነበረባት።

«በእግዜር» አለች። ተቀመጠችም።

ወሬዬ ይኸው ነው። እናንተም እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ቆሜ ነው።