አያ ደርሶ ያስቀመጠው ድንጋይ

ጽሑፌ ስለማያምር፣ ፊደልም ስለምሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በመከራ ነው። አያቴ እንደነገሩኝ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ድሮ፣ ወንዛችን በወዲያኛው ገደል ሥር ሲሄድ፣ በመንደራችን ደርሶ የሚባል ድሃ ሰው ነበር። መሬት አልነበረውም። የሚኖረው የቅርጫ በሬ እየበለተ ነው። የአጥንት መጋጠሚያን ሁሉ እጁ ያውቀዋል። እናቱ ከአልጋ አትነሣም፤ የሚያጎርሳት እሱ ነው።

አንድ ክረምት ጎርፍ ዳገቱን ናደው። ድንጋይ የሆነ አጥንት ወጣ፤ ርዝመቱ አራት በሬ ይሆናል። አንዱ ጫፍ ወደ ወንዙ ነው፣ አንዱ ጫፍ ወደ መንደሩ ነው። ሰው ፈራ። ጭቃ ሹሙ፣ "ጭንቅላቱ ወደ እኛ ከሆነ እየመጣብን ነው። አገሩን እንለቃለን። መራመድ የማይችል ይቀራል" አሉ። ደርሶ ሦስት ቀን እንዲታገሡት ለመነ።

በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ አውሬ ነው ወይስ ብዙ ተባለ። ደርሶ የጀርባውን አጥንት አንዱን ከሌላው እያስጠጋ ሞከረ። ጉብታው ከጎድጓዳው ጋር ገጠመ። ሁሉም ገጠሙ። አንድ ነው አለ። ሰው ግን አሁንም ፈራ።

በሁለተኛው ቀን፣ ቆሟል ወይስ ተኝቷል ተባለ። ደርሶ ጎድኖቹን ዳሰሰ። ወደ ሰማይ ተከፍተዋል። በጀርባው ነው የወደቀው፣ ሞቷል አለ። አንዱ፣ "አያ ደርሶ፣ ታዲያ ሻኛውን ለማን ትመድባለህ?" ብሎ ቀለደ። ሰው ትንሽ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ግን የሞተም ቢሆን ፊቱ ወደ እኛ ከሆነ አንቀመጥም አሉ። ሰው አሁንም ፈራ።

በሦስተኛው ቀን ደርሶ በመንደሩ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻውን ቆፈረ። ሰው ከሩቅ ቆሞ ያየዋል። ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ። ከዚያ አፈሩን መለሰና ሰፊ ድንጋይ ጫነበት።

"ጭራው ነው። የሚያየው ወደ ወንዙ ነው። ማንም አይንካው" አለ።

ማንም ከመንደሩ አልወጣም። የደርሶ እናትም ጊዜዋ ሲደርስ በአልጋዋ ላይ ሞተች። ያን ጊዜ ደርሶ ጎጆውን አፍርሶ ከድንጋዩ አጠገብ ሠራ። እስኪሞት ድረስ ቢላዋውን ይዞ ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ሰው አልገባውም።

እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ከየቤቱ አንድ ሰው ድንጋይ ይዞ እዚያ ይሄዳል። የመንደሩ ሽማግሌ "ወዴት ነው የሚያየው?" ይላሉ። እኛ "ወደ ወንዙ" እንላለን። ከዚያ ልባችን አርፎ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

አምና የቤታችንን ድንጋይ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከሰው ቀድሜ ደረስኩ። ከሰፊው ድንጋይ ሥር ዝናቡ አፈሩን ሸርሽሮታል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መንጋጋ ነው። አንዱ ጥርስ የእኔን ጭብጥ ያክላል። የዞረው ወደ ቤታችን ነው።

በእጄ አፈር መለስኩበት። የያዝኩትንም ድንጋይ ጫንኩበት። ሽማግሌው ሲጠይቁ፣ ሌላ ጊዜ ድምፄ የማይሰማው እኔ፣ ከሁሉም በላይ ጮኼ "ወደ ወንዙ" አልኩ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአያቴም አልነገርኳቸው።