የተራበ ሻጋታ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄህን አልዘነጋሁም፤ «ወንድሜን ከአባታችን መሬት ነቅዬ ባዶ እጁን ሰድጄዋለሁ፣ ቂሙ ከችግሩ ጋር ይሞት ይሆን?» ብለኸኛል። መልሱን ከዚህ ሰው ታገኘዋለህ።

ሥራው የሰብል በሽታ ማጥናት ነበር። በዚያ ዘመን የባቄላን ቅጠል እያጠቆረ የሚፈጅ ሻጋታ ገብቶ ነበርና፣ ለአንዲት መበለት ጎረቤቱ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ፈልጌ እሰጥሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። የትኛው ባቄላ እንደሚቋቋም ለማወቅ ደግሞ ሻጋታውን ራሱን አርብቶ፣ ከዱቄት የደቀቀ ዘሩን ሰብስቦ በየባቄላው ላይ መርጨት ነበረበት።

ስለዚህ ቀለበው። ድንች ቀቅሎ፣ በውኃው ላይ ስኳር ጨምሮ በሳህን አረጋለት። ሻጋታው እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሆኖ ሳህኑን ሞላ፤ ዘር ግን የለውም። ሰውየው የጎደለው ምግብ መስሎት ስኳሩን ጨመረ። ሻጋታው ወፈረ፤ ዘር የለም። እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። የጠገበ ሻጋታ ለምን ብሎ ይዘራል? ያለበት ተመችቶታል።

በመጨረሻ ሰውየው ተስፋ ቆረጠ። ሳህኖቹን ተሸክሞ ወጣና አጥር ሥር በተከመረ ደረቅ የባቄላ አገዳ ላይ ገለበጣቸው። «እዚያው በረሃብህ ሙት» አለው። አጥሩ የመበለቲቱ ማሳ አጥር ነበር።

አገዳው ላይ የሚበላ ጥቂት ነው። ጤዛ አለ፣ ብርሃን አለ። ሻጋታው በሳምንቱ ግራጫ ለበሰ፤ ዓመት ሙሉ የተለመነውን ዘር ባንድ ጊዜ አወጣው፤ ነፋስም ወሰደው። ባቄላው አበባ ላይ ሳለ ጠቆረ። ሴትዮዋ አንድ እፍኝ አላነሳችም።

ሊያጽናናት ቢሄድ፣ «ሳህን ላይ ስታበላው ማንንም አልነካም ነበር። አስርበህ ወደኔ የሰደድኸው ምን በድዬህ ነው?» አለችው። ሰውየው የፈለገውን የሻጋታ ዘር አግኝቷል፤ የሚያድንላት ማሳ ግን የለም።

አየህ ልጄ፣ ወንድምህ አጠገብህ ሲበላ ቂም አልነበረውም አልልህም። ነበረው፤ ግን የራሱ ብቻ ነበር። አጥር ሥር የገለበጥኸው አንተ ነህ። እሱ በችግር ሊሞት ይችላል፤ ቂሙ ግን ቀድሞ ይዘራል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ትንሿን ልጁን አገኘኋት፤ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም። አጎትሽ ደኅና ነው ወይ ብላት፣ ያንተን ነገር ስትሰማ መሬት ላይ ተፋች። ሂድ፣ ወንድምህን ጥራው፣ መሬቱንም መልስለት፤ ይህን ማድረግ ይገባሃል። እሷን ግን በምን እንደምትመልሳት እኔ አላውቅም።