ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የጠፋበት ፀጉር አስተካካይ

አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ምትኩ ይባላል። ጊታር መማር የጀመረው አርባን ከተሻገረ በኋላ ነው። ለመዝናናት ብሎም አልነበረም። አባቱ ጋሽ ወልዴ በጉብዝናቸው ዘመን የሰፈሩን ሠርግ ሁሉ በድምፃቸው ያደምቁ ነበር። አሁን ግን ሳንባቸው ደክሞ፣ ጥቂት ከተናገሩ ማረፍ አለባቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ስንዱ ልትዳር ሽር ጉድ ሲባል ምትኩን ጠሩትና፣ «ለእህትህ አንድ ዘፈን ልዝፈንላት። የባንድ ጩኸት ግን አልችልም፤ አንተ በጊታር ቀስ ብለህ ምታልኝ» አሉት። እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ጊታር ተውሶ ከፀጉር ቤቱ መስታወት ጎን ሰቀለ። ደንበኛ ሲጠፋ እያወረደ ይለማመዳል። የአባቱ ዘፈን የሚፈልገው ሁለት ኮርድ፣ ማለትም ክሮቹ በጣቶች የሚያዙባቸው ሁለት አያያዞች ብቻ ነው፤ ጂ እና ሲ። በስልኩ ባየው ቪዲዮ ላይ ጂ የሚያዘው በአመልካች፣ በመሀልና በቀለበት ጣት ነበርና እሱም እንደዚያው ያዘ።

አንድ የመዘምራን ጊታር መቺ ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ አየውና፣ «ተሳስተሃል። አመልካች ጣትህን ተወው። በመሀል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣት ነው የሚያዘው» አለው። ምትኩ እሺ ብሎ ቀየረ። ትንሿ ጣቱ ተንቀጠቀጠች፤ ክሩም አጉረመረመ። በማግስቱ ሌላ ወጣት መጣ። «ማነው ያሳሳተህ? ትንሿ ጣት ምን ጉልበት አላት? ወደ መጀመሪያው ተመለስ!» ፊቱ ላይ አረፋ እንደተቀባ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ይሄ ሁሉ ጣት ምን ያደርጋል? ሁለቱ ይበቃሉ» አለ።

ሁሉም ሲናገሩ እርግጠኞች ነበሩ። ምትኩም ሁሉንም አመነ። ጠዋት አንዱን ይሞክራል፣ ከሰዓት ሌላውን። ከዚያ ጣቶቹ የማን እንደሆኑ እንኳ የማያውቁ መሰሉ። አንድ ቀን ፀጉር እየቆረጠ ሳለ ግራ እጁ ሳያስበው የደንበኛውን አናት እየተጫነ ኮርድ ይፈልግ ጀመር። ሰውዬው ዘወር ብሎ፣ «ምትኩ፣ ጭንቅላቴን ጊታር አደረግከው እንዴ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምትኩ ግን አልሳቀም፤ ሠርጉ ደርሷል።

ከአባቱ ጋር ሊለማመዱ ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመሩ። ኮርዱ ሊቀየር ሲል ምትኩ ቆመ። የትኛው ጣት ይነሳ? የትኛው ይቅር? አባቱ ቃሉን እየጎተቱ ጠበቁት፣ ጠበቁት፤ በመጨረሻ ሳል ያዛቸው።

«ልጄ» አሉት ደረታቸውን ይዘው፣ «አንተ ጣትህን ስትፈልግ እኔ ትንፋሼን ጨረስኩ።»

ምትኩ በዚያው ጊታሩን ተሸክሞ ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ሄደ። ጋሽ መኩሪያ ድሮ በየሆቴሉ ጊታር ይመቱ የነበሩ፣ አሁን ቤታቸው ተማሪ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ሦስቱንም አያያዝ አሳያቸውና፣ «ትክክሉ የቱ ነው?» አላቸው።

«ሁሉም።»

«እንዴት ሁሉም ይሆናል? አንዱ ሌላውን ስህተት ይለዋል እኮ!» ምትኩ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ግራ መጋባቱ ባሰበት።

«ከጂ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉት።

ምትኩ እስካሁን ጂን እንዴት እንደሚይዝ እንጂ ከዚያ እንዴት እንደሚወጣ አስቦ አያውቅም። የአባቱን ዘፈን አስታውሶ፣ «ወደ ሲ» አለ።

«እንግዲያው በመሀል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣት የሚያዘውን ያዝ። የመሀልና የቀለበት ጣትህ እንደተያያዙ አንድ አንድ ክር ብቻ ይወርዳሉ። አመልካች ጣትህም ሥራ ስለሌለው ቀድሞ ይጠብቅሃል።»

ሞከረው። እጁ ሄደለት። ከደስታው ብዛት፣ «በቃ! ትክክሉ ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ መኩሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለዚህ ዘፈን ብቻ» አሉት።

የሠርጉ ቀን ጋሽ ወልዴ ከልጃቸው ፊት ተቀምጠው ዘፈኑ። ትንሿ ጣት ሁለት ቦታ ላይ አንሸራተተች፤ ጊታሩ ግን አባትየውን አላስጠበቀም። ስንዱ ቬሏን ሰብስባ አባቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ማንም ሳይጠብቅ ሌላ ዘፈን ጀመሩ። ይሄኛው ከጂ የሚሄደው ወደ ሲ ሳይሆን፣ ምትኩ በቪዲዮው ላይ ወዳየው ዲ የሚባል ሌላ ኮርድ ነበር። ያ የተመሰገነው አያያዝ እዚህ ላይ አስቸጋሪ ሆነ። ምትኩ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ የአባቱን አፍ አፍ እያየ፣ እንደ መጀመሪያው አያያዝ አመልካች ጣቱን መለሰና ተከተላቸው።

ብዙዎቻችን በመካሪዎች መሀል የምንጠፋው መካሪዎቹ ዋሾ ስለሆኑ አይደለም። እያንዳንዱ የሚነግረን ለራሱ ዘፈን የሠራለትን ነው። ምርጫችን ልክ መሆኑ የሚታወቀው ቆመን ስንመዝነው ሳይሆን፣ ወደምንሄድበት ሲያሻግረን ነው። መንገዱ ሲለወጥ ደግሞ ትናንት ያሻገረንን መልቀቅ ሊኖርብን ይችላል።

እርስዎስ ዛሬ «የቱ ይሻላል?» እያሉ የሚጨነቁበት ነገር ካለ፣ ከዚያ ቀጥሎ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ራስዎን ጠይቀው ያውቃሉ?